የተማሪዎች ጉልበተኝነት፣ ስብዕናና የአእምሮ ጤና፦ ከጫኖ የወባ ጥናት የሚገኝ ትምህርት

በአርባ ምንጭ አቅራቢያ በምትገኘው ጫኖ ሚሌ እስክንድር ሎሃና በርንት ሊንድሾርን ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የወባ ጥናት 8121 ሰዎችን ለ101 ሳምንታት ተከታትሏል። ወባው ከበረታባቸው መካከል ከ5 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ልጆች ይገኙበታል። በዚሁ ዕድሜ ያሉ ተማሪዎች እርስ በርስ የሚፈጽሙትን ጉልበተኝነት ከስብዕናና ከአእምሮ ጤና ጋር አያይዘው የሚመረምሩ ጥናቶች ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን በተሞላ መጠይቅ ይወሰናሉ።

የዘርፉ ፈር ቀዳጅ ዳን ኦልቬዩስ ጉልበተኝነትን በሦስት ምልክቶች ይለየዋል፤ እነርሱም ሆን ተብሎ መፈጸሙ፣ መደጋገሙና በአጥቂውና በተጠቂው መካከል የኃይል ልዩነት መኖሩ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ በአንድ ቀን መጠይቅ በሚገባ አይያዙም።

የመጀመሪያው መደጋገሙ ነው። አንድ ተማሪ በመጠይቁ ዕለት ጭምትና ተጨናቂ ሆኖ ቢገኝ፣ ጭንቀቱ ለጥቃት አጋልጦት ይሁን ጥቃቱ አስጨንቆት መለየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የ18 የክትትል ጥናቶች ጥቅል ትንተና ግንኙነቱ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሄድ አሳይቷል። በመሆኑም የአንድ ቀን መልስን ይዞ "ስብዕናው ለጥቃት ዳረገው" ብሎ መደምደም ከማስረጃው በላይ መናገር ነው።

ሁለተኛው የኃይል ልዩነት ነው። ኃይል ሲባል ጡንቻ ብቻ አይደለም። በጋሞ ማኅበረሰብ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ከመሬት ባለቤትነትና ከአራሾች ጋር ከመጋባት ተገልለው ኖረዋል። የቤተሰብን ሙያ የማይጠይቅ መጠይቅ፣ በትውልዱ የሚሰደብን ልጅ ዝምታ "የዓይናፋርነት ባሕርይ" ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። የማኅበረሰብ ጉዳት የልጁ ጉድለት ተደርጎ የሚጻፈው እንዲህ ነው።

የአንድ ወቅት ጥናት የችግሩን ስፋት በአነስተኛ ወጪ ለመገመት ጠቃሚ መሆኑ አይካድም፤ መንስኤን ለመወሰን ግን አይበቃም። ስህተቱ እስከ ሕክምና ክፍል ይዘልቃል፤ ተጠቂው "ጠንከር በል" ተብሎ ሲሸኝ አጥቂው ሳይነካ ይቀራል። ስለሆነም የጤና ባለሙያው ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመም ወይም እንቅልፍ ማጣት የተመላለሰበትን ተማሪ፣ በትምህርት ቤት ማን፣ ከመቼ ጀምሮና ስንት ጊዜ እንደሚያስቸግረው፣ በምን እንደሚሰድበው፣ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ እንዳለውም ለብቻው ሊጠይቀውና ሊከታተለው ይገባል። ለወባ 101 ሳምንታት የተከፈለው ትዕግሥት ለልጆች አእምሮም ሊነፈግ አይገባም።