የሚዛን ተሃድሶ ሕክምና ማስረጃ ከጋምቤላ አንጻር ሲመረመር

ሥር የሰደደ ራስ ማዞርና የሚዛን መዛባት በአብዛኛው ሕይወት የሚቀጥፍ ሕመም ባለመሆኑ፣ ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳና የእናቶች ሞት ቀዳሚ ሥጋት በሆኑባቸው አካባቢዎች የሚገባውን ትኩረት ሳያገኝ ቆይቷል። ጋምቤላ ከእነዚህ አካባቢዎች አንዷ ናት። «ያዞረኛል» ብሎ የሚመጣ ታካሚ በቅድሚያ ለወባ መመርመሩ ተገቢ ነው፤ ደም ማነስና የደም ግፊትም መታየት አለባቸው። ችግሩ የሚጀምረው እነዚህ ሁሉ ሳይገኙ ሲቀሩና ታካሚው ሲናሪዚን ወይም ፕሮሜታዚን ተጽፎለት፣ ያንኑ ማዘዣ እያሳደሰ ለዓመታት ሲመላለስ ነው። ይህ ጽሑፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ የተሻለ አማራጭ የሆነውን የሚዛን ተሃድሶ ሕክምና በሂስ ዓይን ይመረምራል። ጥያቄው ሕክምናው ይሠራል ወይ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ በተጻፈበት መልኩ ለጋምቤላ ይሆናል ወይ የሚለውም ነው።

ሕክምናው በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር የተጀመረ ነው። የጆሮ ሐኪሙ ካውቶርንና የተሃድሶ ሐኪሙ ኩክሲ በጭንቅላትና በውስጥ ጆሮ ጉዳት ምክንያት ማዞር የጸናባቸውን ሰዎች ከማስተኛት ይልቅ ዓይናቸውን፣ ራሳቸውንና መላ አካላቸውን ደረጃ በደረጃ እንዲያንቀሳቅሱ አደረጉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአንድ ወገን የውስጥ ጆሮ ሲጎዳ ወደ አንጎል የሚደርሰው መልእክት ይዛባል፤ ራስ በዞረ ቁጥር ዓይን ዒላማውን ይስታል። አንጎል ይህን ስሕተት ደጋግሞ ሲያገኘው ያርመዋል፤ ታካሚው እንቅስቃሴን ከሸሸ ግን የሚታረም ነገር አያገኝም። ሲናሪዚን፣ ፕሮሜታዚንና ዳያዚፓም በአጣዳፊው ወቅት ለጥቂት ቀናት ይጠቅማሉ። ከዚያ አልፈው ሲሰጡ ይህንኑ የመታረም ሂደት ያዘገያሉ፤ ሲናሪዚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ በተለይ በአረጋውያን ላይ የፓርኪንሰን ዓይነት መንቀጥቀጥና መገተር ሊያስከትል ይችላል።

ማስረጃው ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታደሰው የኮክሬን ግምገማ 39 ጥናቶችንና 2441 ተሳታፊዎችን አካትቶ፣ ሕክምናው ውጤታማና ጉዳት የማያስከትል መሆኑን አረጋግጧል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ያርድሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ ያሳተሙት ጥናት ነው። በዚያ ጥናት ሕክምናውን የሰጡት ልዩ ሐኪሞች ሳይሆኑ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ነርሶች ነበሩ። ነርሷ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ በሚፈጅ አንድ ቀጠሮ እንቅስቃሴዎቹን አስተምራ፣ ታካሚው በየቀኑ በቤቱ እንዲሠራቸው መመሪያ መጽሔት ትሰጠዋለች። ከ3 ወር በኋላ ከ83 ታካሚዎች 56ቱ (67 በመቶ) ጉልህ መሻሻል ሲያሳዩ፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት 87 ሰዎች የተሻላቸው 33ቱ (38 በመቶ) ብቻ ናቸው። ልዩ ሐኪም ፍለጋ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ለሚጠበቅበት፣ ከባሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ጎሬ ደጋ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ማዞር ይዞት ለሚጓዝ ታካሚ፣ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው።

ሆኖም ማስረጃው እንዳለ ሊገለበጥ አይገባም። በመጀመሪያ፣ የ2004ቱ ጥናት ሕክምናውን ያነጻጸረው ከተለመደው ክትትል ጋር ነው። ስለዚህ ከመሻሻሉ ምን ያህሉ የእንቅስቃሴው፣ ምን ያህሉ ነርሷ ቁጭ ብላ ማዳመጧ ያመጣው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ይህ ሕክምናውን አያሳንሰውም፤ ነገር ግን በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ወረቀት ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ተመሳሳይ ውጤት ያመጣል ብለን እንዳንጠብቅ ያስጠነቅቀናል።

ሁለተኛው ሂስ ከታካሚዎቹ ማንነት ይነሣል። የኮክሬን ግምገማ የሚመለከተው የአንድ ወገን የውስጥ ጆሮ ጉዳትን ነው። በአገራችን ግን የሁለቱንም ወገን ሚዛን ሊያጠፉ የሚችሉት ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን ለረጅም ዘመን ሲሰጡ ኖረዋል። ስትሬፕቶማይሲን የሚጨመርበት የነቀርሳ ዳግም ሕክምና እንዲቀር የዓለም ጤና ድርጅት የመከረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ቀደም ሲል የደረሰው ጉዳት ግን ከሰዎቹ ጋር ይኖራል። እንዲህ ያለው ታካሚ ብዙውን ጊዜ ዓለም አይዞርበትም፤ ሲራመድ የሚያየው ነገር ይንቀጠቀጥበታል፤ በጨለማና በወጣ ገባ መሬት ላይ ይወድቃል። የአሜሪካ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች መመሪያ ለእነዚህም ተሃድሶውን ይመክራል፤ ይሁን እንጂ መሻሻሉ አዝጋሚና ያልተሟላ መሆኑ ለታካሚው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ሦስተኛው ሂስ በመለኪያው ላይ ነው። በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ባለ 25 ጥያቄ መጠይቅ ታካሚው በትልቅ የገበያ አዳራሽ መደርደሪያዎች መካከል ሲሄድ ይብስበት እንደሆነ ይጠይቃል። በኢታንግ ወይም በአቦቦ ያለች እናት ግን መጠየቅ ያለባት ውኃ በራሷ ተሸክማ መሄድ መቻሏን፣ ጎንበስ ብላ እሳት ማንደዷን፣ ሌሊት ወደ ደጅ መውጣቷን ነው። መጽሔቱም ማንበብ ለማይችል፣ ወይም ቋንቋው ኑዌር አለያም አኙዋ ለሆነ ታካሚ አይበቃም። ቃሉ በአስተርጓሚ ሲተላለፍ «ማዞር»፣ «ድካም» እና «ዓይን መጨለም» በቀላሉ ይምታታሉ።

እንግዲህ መርሑን ጠብቆ መልኩን መለወጥ ያስፈልጋል። ንግግር መተሳሰር፣ ሁለት ሁለት ሆኖ መታየት፣ የአካል ክፍል መስነፍ፣ ድንገተኛ የመስማት መቀነስ ወይም ጨርሶ መቆም አለመቻል ያለበት ታካሚ ለተሃድሶ ሳይሆን በአስቸኳይ ወደ ከፍተኛ ሕክምና ሊላክ ይገባል። አልጋ ላይ ሲገላበጥ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ የሚዞርበት ታካሚ በዲክስና ሃልፓይክ ምርመራ ተለይቶ፣ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ1992 ያስተዋወቀው የራስ አቀማመጥ ሕክምና ሊደረግለት ይገባል። ሁለቱም ከአልጋና ከሠለጠነ እጅ በቀር ምንም አይጠይቁም። ለቀሩት ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ታካሚዎች፣ ማዞሩን የሚያባብሰው መድኃኒት አስቀድሞ ይመርመር፤ ማስታገሻውም ቀስ በቀስ ይቁም። ከዚያ አውራ ጣትን እያዩ ራስን ማዞር፣ እግርን ገጥሞ መቆም፣ ግራና ቀኝ እያዩ መራመድ በቃልና በተግባር ይሰጥ፤ ሸክም የሚታከለው ባዶ እጅ መራመዱ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ልምምዱ በቀን ብርሃን፣ ከወንዝ ዳርና ከእሳት ርቆ፣ ደጋፊ ሰው ባለበት ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማዞሩ ሊጨምር እንደሚችል አስቀድሞ ያልተነገረው ታካሚ ሕክምናውን ጥሎ ይሄዳል።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ያለው ማስረጃ ሥራውን ለመጀመር በቂ ነው፤ ከእንግሊዝ እንዳለ ለመቅዳት ግን በቂ አይደለም። በጤና ጣቢያ የሚጀምር ባልደረባ ቢኖር ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ቢመዘግብ መልካም ነው፦ ታካሚው ቀድሞ የወሰዳቸውን የመርፌ መድኃኒቶች፣ ከዕለት ሥራው ያቆመውንና መልሶ የጀመረውን፣ እንዲሁም በሦስት ወር ውስጥ የወደቀበትን ጊዜ ብዛት። ይህ መዝገብ ተጠናቅሮ ለባልደረቦች ቢቀርብ፣ ለጋምቤላ የሚስማማው መመሪያ ከዚያ ሊነሣ ይችላል።