«ኢስማኢል» የማን ስም ነው?

ለልጆቻችን ስም ስናወጣ ትርጉሙን መጠየቃችን መልካም ነው። የስም ትርጉም እያሉ የሚሸጡት ትንንሽ መጻሕፍት ግን አንዳንዴ ስሕተት ያስለምዱናል። «ኢስማኢል» ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል።

ስሙ ዐረብኛ ነው፤ «ኢስመዕ» (ስማ) እና «ኢል» (አምላክ) ተጋጥመው «አምላክ ሆይ፣ ስማ» ይላል የሚሉ አሉ። አባባሉ መነሻ አለው። ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ልጅ ሲለምኑ እንዲህ ማለታቸው መነገሩን ኢማም ቁርጡቢ በተፍሲራቸው ጠቅሰዋል። ነገር ግን እርሳቸውም «ኢል» የሚለውን ቃል የሱርያንኛ ነው ብለውታል። የነሕው ትምህርታችንም ቢሆን ኢስማኢል፣ ኢብራሂምና ኢስሓቅ ተንዊን የማይቀበሉት ዐጀሚ ስሞች በመሆናቸው ነው ይላል። ይህን ጀማሪ ደረሳም ያውቀዋል።

ዕብራይስጡ «ይሽማዕ-ኤል» ይላል። «ይሽማዕ» ማለት «ይሰማል» እንጂ «ስማ» አይደለም። የፊቷ «ይ» በዐረብኛ ወድቃለች፤ «ይስራኤል» የነበረው «ኢስራኢል» እንደሆነው ሁሉ። አማርኛችን «ይስሐቅ» ሲል «ይ»ን ይጠብቃል፣ «እስማኤል» ሲል ይጥላል። ትእዛዝ ያስመሰለው እንግዲህ የዚህች ፊደል መውደቅ ነው። የስሙ ፍቺ «አላህ ይሰማል» ነው።

ቁርኣንም ይህንኑ ያጠናክርልናል። በሱረቱ ኢብራሂም 39ኛ አንቀጽ ነቢዩ ኢብራሂም በእርጅናቸው ኢስማኢልንና ኢስሓቅን ስለሰጣቸው አላህን አመስግነው፣ ወዲያው ጌታቸው ልመናን ሰሚ መሆኑን ይመሰክራሉ።

የግእዙ «ሰምዐ»፣ የአማርኛው «ሰማ»፣ የዐረብኛው «ሰሚዐ» እና የዕብራይስጡ «ሻማዕ» የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። የቢቸና እናት፣ ሙስሊምም ትሁን ክርስቲያን፣ በዚህ ስም ውስጥ የገዛ ቋንቋዋን ታገኛለች።

ነገሩ የፊደል ክርክር ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጥለዋል። ይህን ያየ ወላጅ የልጁ ስም በትምህርት ቤት መዝገብ «እስማኤል» ተብሎ ቢጻፍ «ስማችንን ቀየሩብን» ብሎ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ሆኖም አጻጻፉ ሃይማኖት አይቀይርም፤ ስሙም የነቢዩ ስም መሆኑ አይቀርም። ወላጅ ሊጠነቀቅ የሚገባው በልደት ምስክር ወረቀቱም ሆነ በትምህርት ማስረጃው ላይ አንድ ዓይነት አጻጻፍ እንዲኖር ነው። ልጁም ሲጠየቅ «ስሜ አላህ ይሰማል ማለት ነው» ብሎ ለጎረቤቱ ልጅ ማስረዳት ይቻለው።

ወላሁ አዕለም።