«ሽልማት» ወይስ «ወሮታ»? ስለ ባሕር ሕግ ቃላት አተረጓጐም

አማርኛ ለባሕር ሕግ እንግዳ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የባሕር ሕግ በአማርኛም ተጽፏል። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛው «ሳልቬጅ» የሚለው፣ ይኸውም አደጋ ላይ የወደቀን መርከብ ወይም ጭነቱን ከጥፋት የማውጣት ሥራ፣ በተርጓሚዎች እጅ ገና አልረጋም። ከሁሉ የሚከፋው ለክፍያው የሚሰጠው ስም ነው። ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ገልጦ «ሪዋርድ» ለሚለው «ሽልማት» ያገኛል፤ እንዳለም ይወስደዋል።

ስሕተቱ ገንዘብ ያስከፍላል። አንዲት የመዝናኛ ጀልባ አሸዋ ላይ ተቀርቅራ ቀረች እንበል። ሌላ ባለጀልባ ገመድ ጥሎ ያወጣታል። ባለቤቱ በውሉ ትርጉም «ሽልማት ይሰጣል» የሚል ቢያነብ፣ ነገሩ በቸርነቱ መጠን የሚሆን ይመስለዋል፤ የሽልማትን ልክ የሚወስነው ሰጪው ነውና። እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን ላይ የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት ግን ሥራው ፍሬ ካስገኘ ክፍያውን መብት ያደርገዋል። መጠኑ ከተረፈው ንብረት ዋጋ ሊበልጥ አይችልም፤ ፍሬ ካልተገኘም በመሠረቱ ክፍያ የለም። አስቀድሞ በተቈረጠ ዋጋ የሚጐትት ሰው ጕዳይ ከዚህ የተለየ ነው።

ለዚህ መብት አማርኛ ቃል አላጣም፤ «ወሮታ» አለው። ሽልማት ይሰጣል፣ ወሮታ ግን ይከፈላል፤ ዕዳነቱን ግሡ ራሱ ይናገራል። የስምምነቱን አንቀጽ 14 «ልዩ ካሣ» ማለትም አያስኬድም። ካሣ በዳይን ይጠራል፤ እዚህ ያለው መርከቡ ባይተርፍ እንኳ የባሕሩን አካባቢ ከብክለት ለመጠበቅ ለደከመ ሰው የሚመለስ ወጪ ነው። «ልዩ የወጪ መተኪያ» ቢባል ይሻላል።

የሠሪው ስም የበለጠ ያስቸግራል። «አዳኝ» ቢባል በጽሕፈት ከአውሬ አዳኝ አይለይም፤ ልዩነቱ «ዳ»ን በማጥበቅና በማላላት ብቻ ነው፣ ፊደላችንም ይህን አያሳይም። «ንብረት አዳኝ» የሚለውማ ንብረት አሳዳጅ ሊመስል ይችላል! «አትራፊ» ደግሞ ነጋዴ ነው። «ታዳጊ» ብቻውን የሚያድግ ልጅን ያስታውሳል፤ «ንብረት ታዳጊ» ሲባል ግን ተሳቢው ትርጉሙን ስለሚወስነው እኛ ይህን እንመርጣለን።

«ነፍስ አድን» የሚለው ከዚህ ጋር መደባለቅ የለበትም፤ በስምምነቱ አንቀጽ 16 መሠረት ነፍሱ የተረፈችለት ሰው ወሮታ የመክፈል ግዴታ የለበትም።