ደብዳቤው ሰውየው እጅ እስኪገባ

ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከየካቲት 1955 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ደርግ በመጋቢት 1969 እስኪወርሰው ድረስ፣ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት በሆኑ ሁለት ማሰራጫዎች ከአዲስ አበባ ለአፍሪካና ለእስያ ይናገር ነበር። ማሰራጫ ይናገራል፤ አይሰማም። አድማጩ ምን እንዳለ የሚያሳውቀው ፖስታ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝም ፖስታውን ተቀብለው መልሱን በወላይታ እስካለችው ቢጠና የሚያደርሱ ሰዎች ሙያ ነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያውቅ ሠራተኛ ፖስታውን በጠርዙ በኩል በስሱ ይቀደዋል። አድራሻው ብዙ ጊዜ ፖስታው ላይ ብቻ ስለሚገኝ አይጥለውም፤ ከደብዳቤው ጋር በአግራፍ ያያይዘዋል። ከዚያ ገቢ መዝገብ ላይ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ የላኪውንም ስም እስከ አያት ይመዘግባል፤ በአንድ አጥቢያ ስንት ጴጥሮስ፣ ስንት ማርቆስ አለና።

ትልቁ ጥበብ ግን አድራሻው ላይ ነው። በአገራችን ፖስታ በአብዛኛው ቤት ለቤት አይታደልም። ሳጥኑ የቤተ ክርስቲያን፣ የትምህርት ቤት ወይም የነጋዴ ነው። ስለዚህ መልሱ ላይ የተቀባዩ ስም፣ ከሥሩ «በቢጠና ቤተ ክርስቲያን በኩል»፣ ቀጥሎ ፖ.ሳ.ቁ.፣ መጨረሻ ላይ ወላይታ ሶዶ ይጻፋል። ከሶዶ ወዲያ ደብዳቤውን የሚወስደው ገበያ የወጣ የሰፈር ሰው ነው። «በኩል» የምትለዋ መስመር ከተረሳች ደብዳቤው ሳጥን ውስጥ ይከርማል።

ለብዙ አጥቢያዎች በአንዴ የሚላክ ሰርኩላር ሲሆን ደግሞ በፊደል ተራ መደርደር አይጠቅምም። የአረካው፣ የቦዲቲው፣ የገሱባው፣ የጠበላው በየመኪናው መስመር ይታሰራል። ከእስሩ ላይ የተቀባዮቹ ዝርዝር ይደረጋል፤ ተፈርሞበት ሲመለስ ማን እንዳልደረሰው ወዲያው ይታያል።

እንዲህ ደብዳቤ ለሚቀበል ተቋም አሁን የሚመጣው አብዛኛው ጥያቄ በስልክ ነው። ካርድ የሌለው ሚስኮል ያደርጋል፤ መልሶ መደወል የተቋሙ ድርሻ ነው፣ ያውም ገበሬው ከእርሻ በተመለሰበት ሰዓት። ጥሩ ሠራተኛ በወላይትኛ የጀመረውን ሰው በወላይትኛ ያስጨርሰዋል፤ ሲያለቅስም አያጣድፈውም። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ስሙን፣ ቁጥሩንና ጉዳዩን በአጭሩ ይጽፋል። ያቺ አጭር ማስታወሻ ከሁሉ በላይ ትማርከኛለች፤ ሰውየው በሌላ ቀን ሲደውል ሌላ ሠራተኛ ቢያነሳ እንኳ፣ «ልጅዎን ተሻላት?» ብሎ ይጀምርለታል።