ስለ «ልውጠ ሕያው»ና ስለ «ዘረ መል ምሕንድስና» አሰያየም

ለአንድ ነገር ሁለት ስም ሲወጣለት፣ ስሞቹም አንባቢን ወደ ተለያየ ፍርድ ሲመሩት፣ ጉዳዩ የቃላት ብቻ መሆኑ ይቀራል። የሰብልን ዘር በቤተ ሙከራ ስለ ማሻሻል በአማርኛ በሚጻፈው የሚታየው ይኸው ነው። ተስፋውን የሚያበሥሩ ጽሑፎች ሥራውን «የዘረ መል ምሕንድስና» ይሉታል፤ ሥጋት ያደረባቸው ወገኖች ደግሞ ውጤቱን «ልውጠ ሕያው» ይሉታል። ሁለቱን ለየብቻ ያነበበ ሰው ስለ አንድ ሥራ የተጻፉ መሆናቸውን ላያስተውል ይችላል።

አስቀድመን ቅርጹን እንመልከት። በግእዝ «ንጹሐ ልብ» የተባለው ልቡ ንጹሕ የሆነው ሰው ነው፤ ተናባቢው ቅጽል የሚያመለክተው ከሁለቱ ቃላት ውጭ ያለውን ባለቤት ነው። በዚሁ ሥርዐት ከሄድን «የተለወጠ ሕያው» ለማለት ሳይናበብ «ልውጥ ሕያው» ማለት በበቃ ነበር። ሆኖም ቃሉ በመሥሪያ ቤትም በጋዜጣም ተለምዷልና በቅርጹ ብቻ ይሻር አንልም።

የከበደው ጉድለት በፍቺው ላይ ነው። ከማኛና ከዱከም ጤፍ በማዳቀል የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ፣ የፍሬውን ንጣት ከአንዱ ወላጅ፣ ምርታማነቱን ከሌላው ወርሷል። ተለውጧል፤ ልውጠ ሕያው የሚለው ግን የለም። ከዚህም በላይ «የወጡ ጣም ተለወጠ» ስንል ተበላሸ ማለታችን ነው። ስለዚህ ቃሉ ማስረጃ ሳይሰማ ይፈርዳል።

«ምሕንድስና»ም በተቃራኒው ያዳላል። መሐንዲስ ለክቶና ነድፎ የሚያቆም ባለሙያ ነው። ባዕድ ዘረ መል በተለመደው ዘዴ ወደ ተክል ሕዋስ ሲገባ ግን የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ አይወሰንም፤ ከብዙ ሙከራ መካከል የተሳካው ይመረጣል። ይህ ከግንበኛ ሥራ ይልቅ ለዘር መረጣ የቀረበ ነው።

ክርክሩ ለገበሬው ምኑ ነው የሚል ቢኖር፣ እንሰትን እንጠቅሳለን። አጠውልግ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ በቢላዋና በሌላ መሣሪያ ከተክል ወደ ተክል ይዛመታል፤ ዓመታት የተደከመበትን እንሰት ያጠፋል። እንሰት የሚባዛው በዘር ሳይሆን በቡቃያ ስለሆነ በማዳቀል ማሻሻሉ አስቸጋሪ ነው። ይኸው ባክቴሪያ ሙዝንም ያጠቃል፤ በኡጋንዳ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ የመስክ ጥናት ከጣፋጭ ቃሪያ የተወሰዱ ዘረ መሎች የገቡባቸው የሙዝ ተክሎች በሽታውን ተቋቁመዋል። እንግዲህ ባለእንሰቱ «ልውጠ ሕያው ይቀበላሉን?» ተብለው ቢጠየቁ እምቢታቸው፣ «በምሕንድስና የተሻሻለውንስ?» ቢባሉ እሺታቸው አስቀድሞ በጥያቄው ውስጥ ተቀምጧል። ሊጠየቁ የሚገባው «ከቃሪያ የተወሰደ ዘረ መል የገባበትን እንሰት ይተክላሉን?» ተብለው ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ጣሙ፣ ስለ ቡላው፣ ችግኙን ማን እንደሚሰጣቸውና በስንት እንደሚሰጣቸው እሳቸው ራሳቸው ይጠይቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ2018 በኢትዮጵያ እንዲዘራ የተፈቀደውም ጥጥ እንዲሁ ነው። ከባክቴሪያ የተገኘ ዘረ መል የገባበት፣ ጓይ ትልን የሚከላከል ጥጥ ቢባል ሥራው ይታወቃል፤ ትሉን እንጂ ሌላውን ተባይ ሁሉ እንደማይከላከልም ከስሙ ይገባል።

ስለዚህ «ባዕድ ዘረ መል የገባበት» የሚለውን እናቀርባለን። መርዘሙን አንክድም፤ አጭር ስም የሚወዱ ባለሙያዎችም ይነቅፉታል። ከውጭ ምንም ሳይጨመር በተክሉ በራሱ ዘረ መል ላይ የሚደረገው እርማት ግን ከዚህ ተለይቶ «የዘረ መል አርትዖት» ይባል። ብራና ፍቀው ፊደል ያቀኑ ለነበሩ ጸሐፍት ሥራ የቆየ ቃል ስለሆነ (አዲስ ፈጠራ እንዳይመስል ነው የምናስታውሰው) ያለ ችግር ይለመዳል ብለን እናምናለን። «ድቅል» የሚለው በበኩሉ እንደ ቁንጮ በማዳቀል ለተገኘው ብቻ ይጠበቅ።