«ቀዳ» እና «ኮረጀ»፦ የቪዲዮ ጨዋታ ክርክሮችን ወደ አማርኛ ስለ መመለስ

ሰሞኑን ለአስተያየት ከቀረቡልን የትርጉም ረቂቆች አንዱ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የታዩ የቪዲዮ ጨዋታ ክርክሮችን ለሕግ ተማሪዎች የሚያስተዋውቅ ሥራ ነው። ተርጓሚው የደከሙበት መሆኑ ከገጽ ገጽ ይታያል፤ ዓረፍተ ነገሩ የአማርኛን ጠባይ የጠበቀ፣ ከባዕድ ቃላት ጋጋታም የራቀ ነው። ሆኖም በአንድ ግሥ ምክንያት ረቂቁ ከዳኞቹ ቀድሞ ፍርድ የሚሰጥ ሆኖ አግኝተነዋል። ግሡ «ኮረጀ» ነው።

እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚጠራውን ድርጊት አማርኛ በብዙ ግሦች ይከፋፍለዋል። ጸሐፊ ብራናውን ይገለብጣል፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤም ግልባጭ አለው። ዘፈን በካሴት ይቀዳል፤ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ያባዛል። ነጋዴ የሌላውን ዕቃ አመሳስሎ ይሠራል፤ ተማሪ ደግሞ ከጓደኛው ይኮርጃል። «ቀዳ» ከውሃ ጋር የተያያዘ ቃል ነው፤ ውሃ የቀዳ ሰው ምንጩን አደረቀ አይባልም። «ኮረጀ» ግን ከፈተና አዳራሽ ሊለይ የማይችል ቃል ነው። ኮረጀ የተባለ ሰው ጥፋተኛ ነው፤ የሚቀረው ቅጣቱን መወሰን ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ቅንጦት አለመሆኑን ለማየት ሴጋ አኮሌድን የከሰሰበትን ጉዳይ መመልከት ይበቃል። አኮሌድ ከሴጋ ፈቃድ ሳይወስድ ጄነሲስ በተባለው የሴጋ መሣሪያ ላይ የሚሠሩ ጨዋታዎችን ለማዘጋጀት ፈለገ። ስለዚህ መሣሪያውንና ሦስት የጨዋታ ካርትሪጆችን ከገበያ ገዛ፤ በውስጣቸው ያለውንም ፕሮግራም ፈታቶ በሰው ሊነበብ ወደሚችል ጽሑፍ መለሰ፤ ከዚያም መሣሪያው ከጨዋታ ጋር የሚግባባበትን መንገድ አጥንቶ የራሱን ጨዋታዎች ጻፈ። ፕሮግራሙ ሲፈታታ መቀዳቱ አይቀርም። የሥር ፍርድ ቤት አኮሌድን አገደ። እ.ኤ.አ. በ1992 ጉዳዩን ያየው የዘጠነኛው ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን ጥበቃ ወደሌለው የፕሮግራሙ ክፍል የሚያደርስ ሌላ መንገድ እስከሌለና ለማጥናትም በቂ ምክንያት እስካለ ድረስ እንዲህ ያለው ቅጅ ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው ሲል እግዱን ሻረው።

ረቂቁ ይህንን እንዴት አቀረበው? «ኩባንያው መኮረጁ ተረጋገጠ፤ ፍርድ ቤቱም ትክክለኛ አጠቃቀም ነው አለ» ይላል። ይህን የሚያነብ ተማሪ የአሜሪካ ዳኞች ኩረጃን የሚፈቅዱ ይመስለዋል። ዳኞቹ የመረመሩት ግን መቅዳት ሁሉ የመብት ጥሰት ነውን? የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ሊነሣ የሚችለው መቅዳትንና መጣስን የሚለዩ ሁለት ቃላት ካሉን ብቻ ነው። ስለሆነም በእኛ አስተያየት ለድርጊቱ «ቀዳ»፣ በብዛት ለማውጣት «አባዛ»፣ ለፍርዱ ደግሞ «መብት ጣሰ» ቢባል ይበጃል። «ኮረጀ» ለከሳሽ ጠበቃ ይቆይ፤ እርሱ ቢጠቀምበት ያምርበታል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ፈታቶ ማጥናትን ረቂቁ «የኋልዮሽ ምሕንድስና» ብሎታል። ቃል በቃል የተመለሰ ስለሆነ ምን እንደሆነ አይገልጽም። ሰዓት ሠሪ ያልለመደውን ሰዓት የሚፈታታው ወደ ኋላ ለመሄድ አይደለም፤ አሠራሩን ለማወቅ ነው።

ሁለተኛው አሳሳቢ ቃል «ሕግ» ነው። ረቂቁ «የጨዋታ ሕግ በሕግ አይጠበቅም» ይላል። አንባቢ እንቆቅልሽ የቀረበለት እስኪመስለው ድረስ ደጋግሞ ማንበብ ግድ ይሆንበታል። «ደንብ» እንዳይባል ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያወጣው ደንብ አለ። «የአጨዋወት ደንብ» ብሎ መለየት ግን አሻሚነቱን ያስወግደዋል። ነገሩ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፦ የገበጣን አጨዋወት ማንም የእኔ ነው ሊል አይችልም፤ አንድ ጠራቢ በራሱ ጥበብ ያስጌጠው ገበጣ ግን የእርሱ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ጀርሲ የተወሰነው የቴትሪስና የዚዮ ክርክር ያረፈው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው። ዚዮ ቴትሪስን አይቶ «ሚኖ» የተባለ ጨዋታ መሥራቱን አልካደም፤ የወሰድሁት የአጨዋወቱን ደንብ ብቻ ነው ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ደንቡ ነጻ መሆኑን ተቀበለ። ነገር ግን የሜዳው ስፋት አሥር በሃያ መሆኑን፣ የሚወድቁትን ቅርጾች መልክና ቁራጩ የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድሞ የሚያሳየውን ጥላ ቆጥሮ እነዚህ የደንቡ ሳይሆኑ የአገላለጹ ክፍሎች ናቸው ሲል ለቴትሪስ ፈረደ። ረቂቁ እዚህ ላይ «መግለጫ» የሚል ቃል ተጠቅሟል። መግለጫ የሚሰጠው መንግሥት ወይም ድርጅት ነው፤ «አገላለጽ» መባል ነበረበት።

እጅግ ያከራከረን ግን እ.ኤ.አ. በ1982 የተወሰነው የፓክማን ጉዳይ ነው። ኖርዝ አሜሪካን ፊሊፕስ ያወጣው ኬ. ሲ. መንችኪን የተባለው ጨዋታ ከፓክማን የሚለይበት ነገር ነበረው፤ ለምሳሌ የሚበሉት ነጥቦች ራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ። የሰባተኛው ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ልዩነቱን አይቶ እንኳ የዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት መመሳሰል ያመዝናል በማለት አገደው። ከመመዘኛዎቹ አንዱን ረቂቁ «አጠቃላይ ሐሳቡና ስሜቱ» ብሎ ተርጉሞታል። ቃል በቃል ሲታይ ስሕተት የለበትም። ሆኖም ሦስት ገጽ ቀደም ብሎ «ሐሳብ ጥበቃ የለውም» ተብሏል። የአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን ከጥበቃው ውጭ አድርጎ፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ግን ከሚጠበቁት ሥራዎች ጋር ስለቆጠረ፣ ነገ አንድ የአዲስ አበባ ጨዋታ ሠሪ ቢከሰስ ጠበቃው ይህንኑ መጽሐፍ ገልጦ ሐሳብ የተጠበቀም ያልተጠበቀም መሆኑን ሊያነብ ነው። እኛ «አጠቃላይ መልኩና ለዛው» እንዲባል ሐሳብ አቅርበናል። ከመካከላችን አንዱ «ለዛ» ለንግግርና ለዜማ እንጂ ለሥዕል አይሆንም ብለው ተቃውመዋል፤ ተቃውሟቸው ሚዛን የሚደፋ ቢሆንም የተሻለ ቃል አላገኘንም።

ተርጓሚው በሚገባ የተወጡት ክፍል የዳታ ኢስትና የኢፒክስ የካራቴ ጨዋታዎች ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁለቱ ጨዋታዎች የሚመሳሰሉት ካራቴ ራሱ ካራቴ ስለሆነ ነው አለ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው አስተዋይ ልጅ አንድ ናቸው ሊል እንደማይችልም ገለጸ። ተርጓሚው «ከመንፈቅ» ማለታቸው አስደስቶናል።

አንድ ነገር ይቀራል። በሴጋ መሣሪያ ላይ ጨዋታ እንዲነሣ የሴጋን ስም አራት ፊደላት የያዘ አጭር ኮድ ያስፈልግ ነበር፤ ኮዱ ሲገኝ ጨዋታው በሴጋ ወይም በሴጋ ፈቃድ የተሠራ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ በመስኮቱ ላይ ይወጣል። ለአኮሌድ ጨዋታ ይህ ሐሰት ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ለመደናገሩ ተጠያቂው ሴጋ ነው አለ። ረቂቁ ግን «በሴጋ የንግድ ፈቃድ» ይላል። የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥት ነው። «ንግድ» የሚለው ቃል ከዚህ ገጽ ላይ ሳይሰረዝ ረቂቁ ለማተሚያ ቤት እንዳይተላለፍ አሳስበናል።