ግመል የሚራገፍበት፣ በቅሎ የሚጫንበት፦ የሸዋ አፋፍና የንግድ በሮቹ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን ካለፈ በኋላ ለብዙ ጊዜ የሚያየው ሜዳ ነው፤ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ የበግ መንጋ። ጣርማ በር ላይ ሜዳው ድንገት ያልቃል። መሬቱ እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ ይገመጥና ከሥሩ ጉም ብቻ ይታያል። አውቶቡሱ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን አለቱን ፈልፍለው ባወጡት፣ ከ500 ሜትር በላይ በሚረዝመው ዋሻ አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ጆሮ ይደፈናል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ይከቡታል። ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ጠዋት ጋቢ ደርቦ የተሳፈረው ሁሉ አውልቆ ጉልበቱ ላይ አጣጥፎታል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ የተወረደው ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ነው።

ስለ ተራራ መተላለፊያዎች የሚጻፈው ጥናት አብዛኛውን ጊዜ አልፕስን መነሻ ያደርጋል። እዚያ መተላለፊያ ማለት በሁለት ጫፎች መካከል ያለ ዝቅ ያለ ትከሻ ነው፤ ነጋዴው ከአንዱ ሸለቆ ይወጣል፣ ትከሻውን ይሻገራል፣ ወደ ሌላው ሸለቆ ይወርዳል። ከላይ የሚኖር ሰው እምብዛም የለም። ስመ ጥሩው የታላቁ ቅዱስ በርናርድ መተላለፊያ ከፍታው 2,469 ሜትር ሲሆን፣ ለዘመናት እዚያ የከረሙት በበረዶ የተያዘውን መንገደኛ የሚያስጠልሉ መነኮሳት ናቸው። ደብረ ብርሃን ግን ከዚያ ከ300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቆረቆረች፣ ገበያና ቤተ ክርስቲያን ያላት፣ ከዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ የነገሥታት መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። እኛ ዘንድ ዳገቱ የሚወጣው ለመሻገር ሳይሆን ለመድረስ ነው።

አማርኛም ይህን ልዩነት ይዞታል። ጣርማ በር፣ ጨጨሆ በር እንላለን እንጂ ኮርቻ ወይም ትከሻ አንልም። በር ካለ ደግሞ ቤት አለ፤ ውስጥና ውጭ አለ፤ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው አለ። የደጋ በሮቻችንን በአልፕስ መለኪያ የሚያጠና ተመራማሪ ይህ ነገር የሚያመልጠው ይመስለኛል። የከፍታውን ቁጥር በትክክል ይመዘግባል፤ በረኛውን ግን አያየውም።

ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ለማየት ከጣርማ በር ወደ ደቡብ፣ ወደ አንኮበርና አልዩ አምባ መሄድ ይበጃል። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847)፣ ሸዋ ከባሕር ጋር የምትገናኝበት ዋናው መንገድ ይኸው ነበር። ቅፍለቱ ከታጁራ ይነሳል፤ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአሳል ሐይቅ ዳር ጨው ይጭናል፤ የአፋርን በረሃ ያቋርጣል፤ አዋሽን ይሻገራል፤ በመጨረሻም ፋሬ ላይ፣ ከገደሉ ግርጌ፣ ይቆማል። የሚቆመው ግመሉ ስለማይችል ነው። የግመል እግር ለአሸዋ የተፈጠረ ለስላሳ መዳፍ ነው፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል፤ የደጋውን ብርድም አይወደውም። ስለዚህ ጭነቱ ይራገፋል፣ ይከፋፈላል፣ በአህያና በበቅሎ ጀርባ፣ አንዳንዴም በሰው ትከሻ ዳገቱን ይያያዘዋል።

የመተላለፊያው ኢኮኖሚ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚህ ቅጽበት ላይ ነው። ጭነት ከተራገፈ ዕቃ ይታያል፤ ዕቃ ከታየ ይቆጠራል፤ ከተቆጠረ ቀረጥ ይጣልበታል። ግመለኛው በቅሎ የለውም፣ ባለ በቅሎው ግመል የለውም፤ ስለዚህ በመካከል ሦስተኛ ወገን ያስፈልጋል። የሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ፣ ማደሪያ የሚሰጥ፣ ዋስ የሚሆን። በአልዩ አምባ ይህን ቦታ የያዙት አርጎባዎችና ሌሎች ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። ከተማይቱ ራሷ የተቀመጠችው በመካከል ነው፦ ለደገኛው እጅግ ሳይሞቅ፣ ለቆለኛው እጅግ ሳይበርድ። ዓርብ ዓርብ በሚቆመው ገበያ የአሳል ጨውና ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ ከደጋው እህልና ከቡናው ጋር ይገናኙ ነበር። ልውውጡን የፈጠረው ከፍታው ነው፤ ላይና ታች አንድ ዓይነት ነገር ቢያበቅሉ ኖሮ ማንም ያን ገደል አይወጣም ነበር።

ይህን ስንጽፍ ልናልፈው የማይገባ ነገር አለ። በዚሁ በር ቁልቁል የሚወርደው ዕቃ ብቻ አልነበረም። በአልዩ አምባ አቅራቢያ በአብዱል ረሱል ሰው ይሸጥ ነበር፤ ከደቡብና ከምዕራብ የታፈሱ ልጆች በዚህ ቁልቁለት ወርደው ወደ ታጁራ ተነድተዋል። ስለ ሲራራ ንግድ በናፍቆት የሚጽፉ ደራስያን የእነዚህን እግሮች ዱካ ከመንገዱ ላይ ሲጠርጉት ማየት ያሳዝነኛል። ለጨው የተመቸ በር ለባርያ ንግድም ተመችቶ ነበር።

በረኛውስ ማን ነበር? ሣህለ ሥላሴ የገደሉን ግርጌ ያስጠበቁት በሙስሊሙ ሹም በወላስማ መሐመድ ነው፤ የሹመት ስማቸው የጥንቱን የይፋት ሥርወ መንግሥት ያስታውሳል። መቀመጫቸው ጎንጮ ላይ ነበር፤ የንጉሡን እስር ቤት የሚጠብቁትም እሳቸው ነበሩ። ከባሕር የሚመጣ እንግዳ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደያዘ፣ ማለፍ ይችል እንደሆነ መጀመሪያ የሚታየው በእሳቸው ዘንድ ነው። ክርስቲያኑ ንጉሥ የቤቱን ቁልፍ ለሙስሊሙ ሹም መስጠቱ ብልሃት ነበር፤ ከአፋር ጋር መነጋገር የሚችለውን ሰው በሩ ላይ አቆመ።

ለዚህ ሁሉ ዋና ምንጮቻችን የውጭ ተጓዦች መሆናቸው የታወቀ ነው፤ አነባበባችን ግን ጥንቃቄ ይጎድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝን መልእክተኞች እየመራ የመጣው ሃሪስ በ1844 ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ በረሃውን እንደ ፍዳ፣ ደጋውን እንደ ሽልማት አድርጎ ይሥላል። ዳገቱ ለእሱ የትዕይንት መለወጫ መጋረጃ ነው። በዚያው ዓመት መጽሐፉን ያወጣው ቻርልስ ጆንስተን ግን በአልዩ አምባ ቤት ይዞ ተቀመጠ፤ ወባ እያንቀጠቀጠው ጎረቤቶቹንና ገበያውን አስተዋለ። ለንግድ ታሪክ የጆንስተን ደጃፍ ከሃሪስ አፋፍ ይበልጥ ይጠቅማል። በሰሜን በኩልም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፦ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 የታራንታን ዳገት ሲወጣ ከባዱን የኮከብ መለኪያ መሣሪያውን ራሱ ጭምር ተሸክሞ እንደነበረ ይተርካል፤ የናፒየር ጦር በ1868 ከዙላ ተነስቶ ወደ መቅደላ የዘመተው 44 ዝሆኖች ይዞ ነው። እነዚህን ታሪኮች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ያንኑ ዳገት በየሳምንቱ ጨው ተሸክሞ ይወጣ የነበረውን ሰው ግን የጻፈው የለም።

የአንኮበር በር የተዘጋው በገደል መናድ ወይም በጦርነት አይደለም፤ የቤቱ ባለቤት ሌላ በር ስለከፈተ ነው። በጥር 1887 (እ.ኤ.አ.) ምኒልክ ሐረርን ያዙ። በሚቀጥለው ወር ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ አስጭኖ፣ ከታጁራ በዚያው በጥንቱ መንገድ ወራት ፈጅቶ አንኮበር ደረሰ፤ ንጉሡ ግን አልነበሩም። እንጦጦ ድረስ ተከትሎ ሄዶ ጠመንጃዎቹን በኪሳራ ሸጠ። የተመለሰው በመጣበት አልነበረም፤ አዲስ በተከፈተው የሐረር መንገድ እንጂ። በር መለወጡን ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ጉዞ አላውቅም። ከአሥር ዓመት በኋላ ከጅቡቲ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ባቡር ገደል አይወጣም፤ ለዘብ ያለ ዳገት ይፈልጋል። በአዋሽ፣ በአዳማና በሞጆ በኩል ተዳፋቱን እየተከተለ ወጣ፤ አልዩ አምባን ከሩቅ አለፋት።

ጣርማ በር ደግሞ ተቃራኒው ደረሰበት፤ ዋሻው ሲፈለፈል በሩ ሰፋ፤ የጭነት መኪና ከላይ እስከ ታች ሳይራገፍ ያልፋል። ጭነት ስለማይራገፍም ሦስተኛው ወገን ሥራ አጣ። ዛሬ ደብረ ሲና ላይ መኪናውን የሚያቆመው ቀረጥ ሰብሳቢ ሳይሆን ቆሎ ነው፤ የደጋው ገብስ ታምሶ ገና ሙቀቱ ሳይለቀው፣ ሴትየዋ በብርጭቆ ሰፍራ፣ ከላይ ምራቂ ጨምራ፣ ወደ ቆላ በሚወርደው መንገደኛ እጅ ላይ ትገለብጠዋለች።